ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ሞተሩን ጠይቁ

በዲላ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመኪና ግዢ ኮሚቴው ያሰማው ንግግር



እኛ ሦስታችን ባለፈው ስብሰባ የመረጣችሁን የመኪና ግዢ ኮሚቴ አባላት ነን። አንዳችን ቆጮና ቡላ ነጋዴ፣ አንዳችን አቮካዶ ሰብሳቢ፣ አንዳችን የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነን። በመካከላችን መካኒክ የለም። የሰጣችሁን አደራ አጭር ነበር፦ «ሄዳችሁ እዩ፤ የምትገዛ ከሆነ ንገሩን፤ የማትገዛ ከሆነም ንገሩን።» ዛሬ ያየነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንነግራችኋለን። በመጨረሻ እጅ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ገንዘቡ ከየሳምንቱ ቁጠባችሁ የተጠራቀመ፣ ቀሪው ደግሞ ደጋፊዎቻችን አምነው የሰጡን ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ፊተኛዋ መኪናችን እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ አሁንም በልባችሁ ይዛችኋታልና። ያችን ፒክአፕ እልል ብለን ነበር የተቀበልናት። ታጥባ፣ ቀለም ተቀብታ መጣች። ቆጣሪዋ ላይ የሚነበበው 168 ሺህ ኪሎ ሜትር ነበር። ደላላው «ገና ልጅ ናት» አለን፤ እኛም አምነን ገዛን። በአራተኛው ወር ከይርጋጨፌ አቮካዶ ጭና ስትመለስ ሞተሯ ግሎ መንገድ ላይ ቆመች። ሾፌሩ ለማብረድ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨምርባት ቴስታታው ተሰነጠቀ። አቮካዶው ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ሰንብቶ ግማሹ ተጣለ። ለጥገና የተጠየቅነው ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሹን ስለሚያህል በመጨረሻ በቆመችበት ሸጥናት።

ይህን የምናነሣው ደላላውን ለመውቀስ አይደለም። ሾፌራችን መኪናዋ ከመቆሟ ከአንድ ወር በፊት «ይህች መኪና ውኃ ትጠጣለች፤ በየጠዋቱ እሞላለሁ» ብሎን ነበር። እኛ ምን አደረግን? ጄሪካን ገዛንለት። «ውኃው የት ይሄዳል?» ብላ የጠየቀች አንዲት ሴት በመካከላችን አልነበረችም። ሞተሩ ታምሞ ነበር፤ ሾፌሩም ነግሮናል፤ ያልሰማን እኛ ነን። የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህ ነው።

ለምን አሮጌ መኪና?

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን «ለምን አዲስ አትገዙም?» ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አቅም ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለው ታክስ በዕድሜያቸው ልክ እጅግ ከፍ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህም የተነሣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸው እንደ ዕድሜያቸው አልወረደም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትንም ጠይቀናል። ነገር ግን ጭነት ይዞ ወደ ደጋው የሚወጣና በአቅማችን የሚገዛ ፒክአፕ አላገኘንም። ስለዚህ ምርጫችን ብዙ የሠራ ሞተር መግዛት ወይም በኪራይ መቀጠል ነው። ብዙ የሠራ ሞተር የምንገዛ ከሆነ ጤነኛውን ከታመመው መለየት አለብን።

ቆጣሪው ምን ይነግረናል?

ሁለት መኪኖች አየን። ሁለቱም ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላቸው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ወደ 20 ዓመት ይጠጋል። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ቆጣሪዋ 187 ሺህ ይላል። ሁለተኛዋ ሰማያዊ ናት፤ ቆጣሪዋ 412 ሺህ ይላል። እውነቱን እንናገር፦ መጀመሪያ ሁላችንም ልባችን ወደ ነጯ አዘንብሎ ነበር።

ከዚያ ሒሳብ ያዣችን እስክሪብቶ አነሣች። 187 ሺህ ለ20 ዓመት ሲካፈል በዓመት 9,350 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን ወደ 26 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዲላ ሐዋሳ ደርሶ መልስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ነጯ በሳምንት አንዴ ሐዋሳ ደርሳ ስትመለስ ከዚያ ውጪ ቆማ ኖራለች እንደማለት ነው። ለጭነት የተገዛች መኪና እንዲህ ትኖራለች? የፍሬኗና የፍሪሲዮኗ ፔዳል ላስቲክ አልቆ ብረቱ ያበራል። የመሪዋ ቆዳ ተልጧል። የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዷል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተበላሽቶም ዓመታት ሊቆም ይችላል። የፔዳል ላስቲክ ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

ላም ስንገዛ ባለቤቷ የነገረንን ዕድሜ ይዘን አንሄድም፤ አፏን ከፍተን ጥርሷን እናያለን። ቆጮም ስንገዛ እንጨምቃለን፣ እናሸታለን፣ ቃጫውን እናያለን። በመኪና ላይ ሲሆን ግን አንዲት ቁጥር አይተን እንረካለን። ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረ ረጅም መንገድ የሄደ የናፍጣ ሞተር ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አልፎም ሊያገለግል ይችላል። ዘይት ሳይቀየርለት፣ አቧራ እየበላ፣ በቀን አሥር ጊዜ እየጠፋና እየተነሣ የኖረ ግን በ150 ሺህም ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ምን ያህል ሄደች?» ሳይሆን «እንዴት ኖረች? ዛሬስ እንዴት ናት?» መሆን አለበት።

በዚህ ሥራ የረዳችን የአንድ አባላችን ልጅ ናት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የተማረች ስትሆን መለኪያዋን ተሸክማ ከእኛ ጋር ዞራለች። ከዚህ በታች የምንናገረውን ያስተማረችን እሷ ናት።

አንደኛ፦ በማለዳ፣ ሳይሞቅ

ለሁለቱም ሻጮች በስልክ የነገርናቸው አንድ ነገር ነበር፦ «እባካችሁ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳታስነሡት።» የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። አየሩን በኃይል ጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ውስጡ ያረጀ ሞተር አየሩን አጥብቆ መጭመቅ ስለማይችል ሲቀዘቅዝ ለመነሣት ይቸገራል። ከሞቀ በኋላ ግን እንደ ጤነኛው ይነሣል። ሞቆ የጠበቀን ሞተር ግማሽ ሕመሙን ደብቆ ጠበቀን ማለት ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነጯ ዘንድ ስንደርስ ኮፈኑን በእጃችን ዳሰስነው። ሞቋል። ሻጩ «ላቫጆ ወስጃት ነው» አለ። በማግስቱ ተመለስን፤ በማግስቱም ሞቃ ቆየችን። ሰማያዊዋ ግን ጤዛ እንደለበሰች ነበር። ቁልፉ ሲዞር የማሞቂያው መብራት በርቶ ጠፋ፤ ሞተሪኖው ሦስት ሰከንድ ያህል አዞራትና ተነሣች። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። ለቀዝቃዛ የናፍጣ ሞተር ይህ የተለመደ ነው።

ሁለተኛ፦ ዘይትና ውኃ

ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ በጨርቅ ጥረጉ፤ መልሳችሁ ክተቱና እንደገና መዝዛችሁ እዩ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያስፈራው ወተት የነካው ቡና መስሎ ከተገኘ ነው፤ ያኔ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። ለሽያጭ ሲባል ትናንት የተቀየረ ወፍራም ዘይትም ያጠራጥር፤ ወፍራም ዘይት የሞተርን ማንኳኳት ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኛልና። ባለቤቱን «በሁለት ቅያሪ መካከል ስንት ትጨምራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ዘይት የሚጨርስ ሞተር ለትልቅ ጥገና የቀረበ ነው።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። እናቶች፣ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ የሚፈነዳው ውኃ ፊት ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ ከፍታችሁ እዩ። ዘይት ተንሳፎበታል? ውኃው የዛገ ብረት ይመስላል? ከዚያ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይነሣና ውኃውን ተመልከቱ። እንደሚፈላ ሽሮ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ የሚቃጠለው ጋዝ በቴስታታው ጓርኒሲዮን አልፎ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ፊተኛዋ መኪናችን ትጠጣው የነበረው ውኃ የት ይሄድ እንደነበር አሁን ገብቶናል።

በከፍታ ላይ ለምንኖር ለእኛ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር ውኃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ዲላ ላይ በ95 ገደማ ይፈላል፤ በደጋው ቡሌ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ሞተራችን የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግፊቱ ይለቀቃል፤ ውኃውም ዳገት ላይ ይፈላል። የክዳን ዋጋ ከቴስታታ ዋጋ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። የሰማያዊዋ ክዳን ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ ውኃዋ ግን ንጹሕ ነው፤ አረፋም አላየንባትም።

ሦስተኛ፦ ጭስና ትንፋሽ

የጭስ ቀለም ቋንቋ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ እንደሆነ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮ መዘጋት ወይም የኢንጀክተር ብልሽት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ እየተቃጠለ ወይም ናፍጣው በደንብ እየተቀጣጠለ አለመሆኑን ያመለክታል።

ትንፋሹን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተን፣ ገልብጠን፣ ሳናጠብቅ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥነው። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች ካለቁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች አልፎ በዚህ ቀዳዳ ይወጣል፤ ክዳኑን እንደ ድስት ክዳን ያዘልለዋል፣ ወይም ይጥለዋል። ትንሽ መንቀጥቀጥ በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ የሚጠበቅ ነው። የሰማያዊዋ ክዳን ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም። በነጯ ላይ ይህን ስንጠይቅ ሻጩ «ሞተሬ አይነካካም» አለን። እኛም አመስግነን ተሰናበትነው። እንዲፈተሽ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቶናል።

አራተኛ፦ ልኬቱ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በዓይን፣ በጆሮና በእጅ የሚደረግ ነው። አራተኛው መለኪያ ይፈልጋል፤ ኮምፕረሽን ይባላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ ይለካል። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ናፍጣው ተቋርጦ፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በቦታቸው መለኪያው ይገባና ሞተሪኖው ያዞረዋል። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 ባር ያሳያል።

የሰማያዊዋ አራት ሲሊንደሮች 25፣ 24፣ 22 እና 25 ባር አሳዩ። መጀመሪያ ደነገጥን፤ ዝቅተኛ መስሎን። ልጃችን ግን አስረዳችን። መጻሕፍት የሚሰጡት ቁጥር በባሕር ጠለል ያለውን አየር ይዞ ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከዚያ ወደ 17 በመቶ ያነሰ ነው፤ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። እዚህ 25 ያሳየ ሞተር ባሕር ዳርቻ ቢለካ ወደ 30 ያሳይ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ያስፈታዋል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይታይ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። የሰማያዊዋ ልዩነት 12 በመቶ ነው። ማለፉን አልፏል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ግን ደክሟል። ይህን አንደብቃችሁም።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በቤንዚን ሞተር ላይ መካኒኮች ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀለበቱ፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ነው የተበላሸው። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይህን አታስደርጉ። የመጭመቂያው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ልኬቱን ያሳስታል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል።

አምስተኛ፦ ዳገቱ

በመጨረሻ አራት ሰዎችና የቆጮ ጆንያዎች ጭነን ወደ ቡሌ ወጣን። በእንሰቱና በቡናው መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ፣ ዓለም በ2016 ዓ.ም. በቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ምድር ለዓይን ያማረ ነው፤ ለሞተር ግን ፈተና ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ እንደዚህች ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ያጣል። የሙቀቱ ቀስት እስከ ላይ ድረስ ከመካከል አልተነቃነቀም። ጭሷ ግን ዳገቱ ሲጠና ጠቆረ። ቆመን የአየር ፊልትሮውን ስንፈታ አቧራው እንደ ዱቄት ረገፈ። ፊልትሮው ሲቀየር ጭሱ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ኢንጀክተሮቹ መፈተሽ አለባቸው።

ባለቤቷ አንድ ደብተር አላቸው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የተቀየረበት ቀንና የቆጣሪው ቁጥር ተጽፎበታል። ጽሑፉ አያምርም፤ ግን ዓመታት ሳያቋርጥ ተጽፏል። የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ግን ደብተሩ አይልም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቺንጊያው እየሄደች ቢበጠስ ፒስተኑና ቫልቮቹ ተጋጭተው በአንድ ቅጽበት ሞተሩ ያልቃል። መቼ እንደተቀየረ ያልታወቀ ቺንጊያ፣ ዛሬ እንደሚቀየር መቆጠር አለበት። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳክረናል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም አረጋግጠናል።

ውሳኔያችንና ልዩነታችን

ከሦስታችን ሁለታችን «ሰማያዊዋ ትገዛ» እንላለን፤ 412 ሺህ እያለች። ምክንያታችን ሕመሟን ስለምናውቀው ነው። የቺንጊያው፣ የክዳኑና የኢንጀክተሮቹ ወጪ በወረቀት ተዘርዝሮ በእጃችሁ አለ። ሻጩም ይህን አይተው ዋጋ ቀንሰዋል። የቡና ለቀማ ሲደርስ የኪራይ ዋጋ እንደሚንር ታውቃላችሁ።

ሒሳብ ያዣችን ግን ተቃውማለች፤ ሐሳቧንም በራሷ አንደበት እንድናቀርብ ተስማምተናል። «የሦስተኛው ሲሊንደር ነገር ያሳስበኛል» ትላለች። «ዛሬ 22 ያለው በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚል ማን ያውቃል? መለዋወጫ በየወሩ ይወደዳል። አንድ የመኸር ወቅት በኪራይ ብንታገሥ ገንዘባችን አይጠፋም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ደግሞ አንዴ አፍስሰናል።» ይህ ፍርሃት የፈሪ አይደለም፤ የተጎዳ ሰው ጥንቃቄ ነው። ድምፅ ስትሰጡ አስቡበት።

በአንድ ነገር ግን ሦስታችንም አንድ ነን። የምትገዛ ከሆነ ያለ እነዚህ አራት ነገሮች አትገዛ። ለግዢ ከተያዘው ከየ10 ብሩ 2 ብር ለጥገና ተነሥቶ ይቀመጥ። ቺንጊያው፣ ዘይቱና ፊልትሮዎቹ መጀመሪያ ይቀየሩ፤ ጭነት ከዚያ በኋላ ይሁን። ደብተሩ ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ዘይት የተጨመረ እንደሆነ መጠኑ፣ ውኃ የጎደለ እንደሆነ ቀኑ ይጻፍበት። በየዓመቱም ኮምፕረሽኑ ይለካ፤ ያኔ ሦስተኛው ሲሊንደር እንዴት እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር እንነጋገራለን።

ከሁሉም በላይ ሾፌሩ «መኪናዋ እንዲህ ሆነች» ሲል በዚያው ሳምንት ይሰማ። ዳግመኛ ጄሪካን አንግዛለት።

አሁን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ልመና አለን። መኪናዋ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሣችም። ኑ፣ እንውጣ። ኮፈኑን ዳስሱት፤ የዘይት መለኪያውን ራሳችሁ መዛችሁ እዩ፤ ሲነሣ ጭሱን ተመልከቱ። ከዚያ ተመልሰን እጅ እናወጣለን።



(ይህ ንግግር ለኅትመት ሲዘጋጅ የሆነውን እንጨምር። አባላት መኪናዋን ከተመለከቱ በኋላ ግዢው በድምፅ ብልጫ ጸድቋል፤ አራቱም ቅድመ ሁኔታዎች በቃለ ጉባኤ ተይዘዋል። አንዲት እናት ባቀረቡት ሐሳብ መሠረትም የመኪናዋ ደብተር በየወሩ ስብሰባ ላይ ከቁጠባው ሒሳብ ጋር ጮክ ተብሎ ይነበባል።)